የሐረጎ ቁልቁለትና የባቡር ባትሪ

የባቡር ጥገና ሙያዬ ነው። ስለ ከባድ የጭነት ባቡርና ስለ ሃይብሪድ (ናፍጣና ባትሪ አጣምሮ ስለሚሠራው) የጠየቃችሁኝ ስለበዛ ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሲኖትራክ ሹፌር ነኝ። የናፍጣ ባቡር ያን ሁሉ ጭነት በስንተኛ ማርሽ ነው የሚያስነሳው?

መልስ፦ ካምቢዮ የለውም ወንድምዓለም። የናፍጣው ሞተር ጎማ አይነካም። ሥራው ጄኔሬተር ማዞር ብቻ ነው። ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጉ ላይ የታሰሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። 4400 የፈረስ ጉልበት ያለው የአሜሪካ ባቡርም አሠራሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ካለውማ ሃይብሪድ ሆነ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ማጠራቀሚያው ነው የጎደለው። አንተ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ የፍሬን ሸራው ሽታ ኮምቦልቻ ድረስ ይከተልሃል። ባቡር ሲወርድ ግን ሞተሮቹ ራሳቸው ጄኔሬተር ይሆኑና ባቡሩን ይይዙታል። የሚያመነጩት መብራት ጣሪያው ሥር ወዳለ ሽቦ ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ በለው። ልዩነቱ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ቬንትሌተር እየነፋ ሙቀቱን ለአየር ይሰጠዋል። 1000 ቶን 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወደ 270 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይለቃል። ከፊሉን ሰበቃና ንፋስ ይወስደዋል። የተረፈውን ባትሪ ውስጥ አስገብተህ ለሚቀጥለው ዳገት ካዋልከው፣ ያ ነው ሃይብሪድ።

ጥያቄ፦ የሞከረው አለ?

መልስ፦ አለ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በፈረንጆቹ 2007 ናሙና አሳይቶ ነበር፤ ገበያ ላይ ግን አልዋለም። በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋብቴክ የሚባለው የባቡር አምራች በሌላ መንገድ መጣ። 2400 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባለባትሪ ባቡር ከናፍጣ ባቡሮች ጋር ቀጥለው ሲያስጎትቱት ናፍጣው 11 በመቶ ቀነሰ። እኔ ይኼኛው ይበልጥ ይታየኛል፤ ያሉትን ባቡሮች መጣል አያስፈልግማ።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ናፍጣውን ጨርሶ መተው አይቻልም?

መልስ፦ ደብተርህን አውጣ። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይዟል። ሞተሩ ከዚያ ላይ 4 ያህሉን ይሰጥሃል። ስለዚህ ያ ግዙፍ ባትሪ የ600 ሊትር ናፍጣ ሥራ ነው የሚሠራው። የትልቁ ባቡር ታንከር ደግሞ ከ18,000 ሊትር በላይ ይይዛል። ለረጅም መንገድ ገና ነው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ነኝ ልጄ። ለወሎ ምን ይረባል ይኼ?

መልስ፦ እትዬ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ሲሠራ ከሐዲዱ በላይ የመብራት ሽቦ ተዘርግቶለት ነው፤ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ። ሽቦ ካለ ቁልቁለት ላይ የመነጨውን መብራት ወደዚያው መመለስ ይቻላል፤ ትልቅ ባትሪ መሸከም አያሻም። ሃይብሪድ የሚያዋጣው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ለሚያቀናጀው ባቡር ነው። እሱ ትንሽ ይጎትታል፣ ብዙ ይቆማል። ጃፓኖች በፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ሃይብሪድ አሰማርተዋል።

ጥያቄ፦ ጩኸቱስ? ቤታችን ሐዲዱ አጠገብ ነው።

መልስ፦ አብሽር። ሃይብሪዱ ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጠፋል። ጡሩምባው ግን ያው ነው።