ጭቃው ላይ የቀረው ዱካ

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ላይ ተከታታይ ገዳይ የሚታደንበት ፊልም ለመሥራት ለምትነሱ ሁሉ፦ እባካችሁ ደሙን ቀንሱት። ተመልካቹን ሰቅዞ የሚይዘው መርማሪው ማስረጃውን ሲይዝ፣ ይባስ ብሎም ሲያበላሽ ማየቱ ነው።

በጣና ዳር፣ ደንገሉ ሥር፣ ጭቃ ላይ የጫማ ዱካ ተገኘ እንበል። መርማሪያችሁ በስልኩ አንድ ፎቶ አንስቶ አይሂድ። ማስመሪያ ከዱካው ጎን ያስቀምጥ፤ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይይ። ባትሪው ግን ከጎን፣ መሬት ለመሬት ይብራ፤ ከላይ ከበራ ጥላ ስለማይኖር የሶሉ ቅርጽ ይጠፋል። ቀጥሎ 900 ግራም ያህል የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ጄሶ በ300 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ፣ የእንጀራ ሊጥ እስኪመስል ያሽ። ዱካው መሐል ላይ ካፈሰሰው ቅርጹን ይቦረቡረዋል፤ ከዳር ጀምሮ ራሱ እየፈሰሰ እንዲሞላ ይተወው። ለማንሳት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ ጭቃው እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ። ልብ የሚሰቅለው ይህ ጥበቃ ነው፦ የሐምሌ ደመና ከሐይቁ ላይ እየገፋ ይመጣል፣ ጄሶው ገና አልጠነከረም።

እርጥብ ልብስ በፌስታል ታስሮ ከከረመ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይግባ። አንድ ጀማሪ ፖሊስ በፌስታል ቢያስረው፣ የፊልሙ ግማሽ ታሪክ ከዚያች ስህተት ሊወለድ ይችላል።

ታሪኩን ለማጣደፍ ሰዓት የተሞላ ቦምብ አትፈልጉ፤ ሕጉ ራሱ የጊዜ ገደብ ይሰጣችኋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ተጠርጣሪውን አስገድዶ ማናዘዝን ግን የጀግና ሥራ አድርጋችሁ አታሳዩ፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በደቡብ ኮሪያ፣ ህዋሶንግ በተባለ አካባቢ ከ1986 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ለተፈጸሙት ተከታታይ ግድያዎች እውነተኛው ገዳይ በዲኤንኤ የታወቀው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ አንድ ንጹሕ ሰው ተገዶ በሰጠው ቃል 20 ዓመት ታስሯል።

ስለ ቀረጻው፦ የአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት 50 ሄርትዝ ስለሆነ ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማያዊው ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ግድም ነው፤ ልምምዱን ከሰዓት ጨርሱ። የደንገል ታንኳም ሁለት ያዙ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ እየዋለ ሲሄድ ይከብድና ዝቅ ይላል፣ ጠዋት የቀረጻችሁት ከማታው ጋር አይገጥምም።