የክፍያ ስሌቱን ያበላሸው ፎርማተሩ ነውን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ ቢሮ አራት ሆነን ለግል ክሊኒኮች የታካሚ ካርድ መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን እንሠራለን። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን የክፍያ ስሌቱን ሲያርም፣ በዚያው ኮሚት (በአንድ ላይ በተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ፋይሉን በሙሉ ብላክ በተባለው ፎርማተር፣ ማለትም የኮድን አጻጻፍ ወጥ በሚያደርግ መሣሪያ፣ አሳለፈው። ስንገመግመው ከሺህ በላይ መስመር ተለውጦ ስለመጣብን በስሌቱ ውስጥ የገባችው ስሕተት አመለጠችን፤ ታካሚዎችም ትርፍ ሒሳብ ተጠየቁ። ኃላፊያችን አሁን ፎርማተር መጠቀምን ጨርሰው ከልክለዋል። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የታካሚ ገንዘብ የተነካበት ጉዳይ ስለሆነ የኃላፊዎ ቁጣ ተገቢ ነው። ክልከላው ግን ጥፋቱን ያለ ቦታው ያሳረፈ ይመስለኛል፤ ስሕተቷን የሸሸጋት የሁለት ሥራ በአንድ ኮሚት መታጨቅ ነው።

ፎርማተር ኮዱን በቋንቋው ሰዋስው መሠረት አንብቦ ወደ ዛፍ መሰል መዋቅር ይለውጥና፣ ከዚያ ተነሥቶ የመስመሩን አሰባበርና ክፍተቱን እንደገና ያበጃል። ብላክ ከዚህም አልፎ የቀድሞውንና የአዲሱን ኮድ መዋቅር ያነጻጽራል፤ ሁለቱ አቻ ካልሆኑ ፋይሉን ሳይነካ ስሕተት መኖሩን ያሳውቃል። በአማርኛ የጻፋችኋቸውንም ማብራሪያዎች ቃላቸውን አይለውጥም። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው የጎ ቋንቋ የራሱን ፎርማተር ይዞ የመጣው፣ ፕሮግራመሮች ስለ ክፍተትና ስለ ቅንፍ መከራከራቸውን ትተው በኮዱ ሐሳብ ላይ እንዲነጋገሩ ነው፤ እኔም ለአራት ሰው ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም የየራሱን ሥራ ወደ ዋናው ብራንች (የጋራው የኮድ ቅጂ) አስገብቶ የጨረሰበትን አንድ ቀን ምረጡ። በዚያ ቀን ኮዱን በሙሉ በብላክ አሳልፉና ሌላ ምንም ሳትጨምሩ ለብቻው ኮሚት አድርጉት። ገምጋሚው ያን ሁሉ መስመር በዓይኑ መልቀም የለበትም፤ የቀድሞውን ኮድ ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ የብላክ ስሪት ቢያስኬድ፣ ውጤቱ ከኮሚቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለያይ ሌላ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ለዚህም ሲባል አራታችሁም አንድ የተወሰነ ስሪት ተጠቀሙ፤ ብላክ አዲስ ዓመት ሲመጣ የአጻጻፍ ደንቡን ሊያሻሽል ይችላልና።

የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳየው መዝገብም አይበላሽም። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2.23 ስሪት ወዲህ፣ በአንድ ፋይል ላይ ቁጥራቸው የተመዘገቡ ኮሚቶችን ዘልሎ የቀድሞውን ጸሐፊ ማሳየት ይችላል።

ለኃላፊዎ ጉዳዩን ሲያቀርቡ ያንኑ የባለፈውን ወር ኮሚት ለሁለት ከፍለው ያሳዩዋቸው፦ በመጀመሪያው ብላክ ብቻ የሠራውን፣ በሁለተኛው የስሌቱን እርማት። ሁለተኛው ጥቂት መስመር ብቻ ስለሚሆን ስሕተቷን ራሳቸው ያገኟታል።