ኃጢአቴ ከተሰረየልኝ ለምን ትዝ ይለኛል?

ጥያቄ፦ ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ፤ ቅዱስ ቁርባንም ተቀብያለሁ። ለጸሎት ስቆም ግን የድሮው ኃጢአቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አእምሮ እንደ ኮምፒውተር ነው ይባላል፤ ታዲያ የተሰረየው ለምን አልጠፋም? ንስሐዬ ተቀባይነት አላገኘ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ ንስሐህን የሚያጠራጥር ነገር በጥያቄህ ውስጥ አላየሁም። ያስጨነቀህ ስለ አእምሮ የያዝኸው አሳብ ነው፤ ይህንንም ከብዙ ወጣቶች እሰማዋለሁ።

በኮምፒውተር ፋይሉ የሚቀመጥበት ክፍል ሌላ፣ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ሌላ ነው። ስለዚህ አንዱን ፋይል ለይቶ መሰረዝ ይቻላል። አንጎል ግን እንዲህ አልተሠራም። ትዝታ የሚቀረጸው 86 ቢሊዮን ገደማ በሆኑት የነርቭ ሕዋሳት መካከል ባሉት መገናኛዎች ጥንካሬ ነው፤ በማሰቡም ሥራ የሚሳተፉት እነዚያው ናቸው። ለብቻው ተነቅሎ የሚወጣ ነገር የለም። የሥነ ልቡና ሊቁ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየውም፣ ስናስታውስ ያለፈውን በየጊዜው እንደ አዲስ እንገነባዋለን። የአእምሮን ሥራ በስሌት መመርመር ብዙ አስተምሯል፤ አልቃወመውም። ንስሐን በዚያ መለካት ግን ነፍስን ያስጨንቃል።

«ኃጢአታቸውንም ደግሜ አላስብም» ያለው እግዚአብሔር ነው (ዕብ. 8፥12)። አላስብም ያለው እርሱ ሆኖ ሳለ አንተ ለምን ከራስህ መርሳትን ትጠብቃለህ? ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አሳዳጅ እንደ ነበረ አልረሳም፤ በዚያው ቃል ግን ምሕረት ማግኘቱን ይመሰክራል (1ጢሞ. 1፥13)። ትዝታውና ሥርየቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖሩ።

እንግዲህ አሳቡን በግድ ለማባረር አትታገል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ድቡ ደጋግሞ መጣባቸው፤ ክልከላው ሲነሣላቸውም አብዝተው አሰቡት። አለማሰብህን ለማረጋገጥ ያንኑ ነገር መፈለግ ግድ ይሆንብሃልና። ዝርዝሩንም አትከልስ፤ በተለይ የዝሙት ትዝታ ከሆነ መከለሱ ምኞቱን ይቀሰቅሳል። አንድ ጊዜ «አቤቱ ማረኝ፤ ስለ ማርኸኝም አመሰግንሃለሁ» በልና ወዳቆምህበት ቃል ተመለስ። ዳዊት እየደገምህ ከነበረ ከዚያው መስመር ቀጥል። «አሳቤ ተበትኗል» እያልህ ከመጀመሪያው መጀመር ጸሎቱን ወደ ፍርሃት ይለውጠዋል።

የተናዘዝኸውን ያንኑ ኃጢአት በየሳምንቱ ለንስሐ አባትህ አታመላልስ። የደበቅኸው ካለ ወይም ዳግመኛ ከወደቅህበት ግን ሳትውል ሳታድር ንገረው። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ እስኪከለክልህ ከበረታም ሐኪም አማክር፤ ሕክምናው ከጸሎትህ ጋር አይጣላም።