«ጥገኛ» ወይስ «ተቀጽላ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ሃዋይ ደሴቶች የዝናብ ደን ጽፈው ሲያመጡ አንዷ «ፈርኖችና ኦርኪዶች የኦሂያ ዛፍ ጥገኛ ናቸው» አለች፤ ሌላው ደግሞ «ተቀጽላ» ብሎ ጻፈ። የቱን ላርም?

መልስ፦ «ጥገኛ» የሚለውን ያርሙ፤ ተማሪዋ ግን ያለ ምክንያት አልጻፈችውም። «ጥገኛ» የመጣው «ተጠጋ» ከሚለው ግስ ነው። ጥግ የያዘ፣ ሌላውን ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነው፤ የተሰደደ ሰው «ጥገኝነት ጠየቀ» የሚባለውም ለዚህ ነው። በዚህ ከሄድን ፈርኑም (አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል ነው) ዛፉን ተጠግቷል። በሳይንስ ትምህርት ግን የቃሉ ትርጉም ጠብቧል፤ እዚያ ጥገኛ የሚባለው እንደ ኮሶ ትል ከሌላው አካል ምግቡን እየወሰደ የሚኖር ነው። ዛፍ ላይ የበቀለ ፈርን ይህን አያደርግም። ውሃውን ከዝናቡና ከጉሙ፣ ማዕድኑን ቅርፊቱ ላይ ከተጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል፤ ምግቡን የሚሠራው በገዛ ቅጠሉ ነው። ከዛፉ የሚፈልገው ብርሃን የሚያገኝበት መቀመጫ ብቻ ነው።

«ተቀጽላ» ከሰዋስዉ «ቅጽል» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ቅጽል በስም ላይ እንደሚታከል ተቀጽላም በግንድ ላይ ይታከላል። በጸሎቱ «ጸ» ይጻፍ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገበሬው ተቀጽላ የሚለው ቅርንጫፍ ውስጥ ሥሩን ሰዶ የዛፉን ውሃ የሚመጠውንም ጭምር ነው፤ አጠቃቀሙም ትክክል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ተቃራኒ አይደሉም። «ተቀጽላ» ተክሉ የት እንደበቀለ፣ «ጥገኛ» ደግሞ ከምን እንደሚኖር ይናገራል። አንድ ተክል ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሃዋይ ውስጥ ሁሉሞአ የሚባል ተክል አለ፤ ኦሂያና ኮአ በሚባሉት ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተተክሎ ውሃቸውን ይመጥጣል፤ እሱ ተቀጽላም ጥገኛም ነው።

ኦሂያን ራሱን ቢያዩት ልዩነቱ ይበልጥ ይገባል። ዘሩ በጣም ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፤ በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ቀድመው ከሚበቅሉት ዛፎች አንዱ ነው። በእርጥቡ ደን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ሃፑኡ በሚባለው የፈርን ዛፍ ግንድ ላይ ነው። ከዚያ ሥሩን በግንዱ ዙሪያ ወደ መሬት ይለቃል። ፈርኑ ከጊዜ በኋላ ሞቶ ሲበሰብስ ኦሂያው ከመሬት ከፍ ባሉ ሥሮቹ ላይ ቆሞ ይቀራል። ተቀጽላ ሆኖ ጀምሮ ራሱን የቻለ ዛፍ ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜው ጥገኛ የነበረበት ቀን የለም።

ኦርኪድ የሚለውንም ይመልከቱት። የሃዋይ ተወላጅ የሆኑት የኦርኪድ ዝርያዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ደሴቶቹ ከቅርቡ አህጉር ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቁ ብዙ ዝርያ አልደረሰባቸውም፤ ስለዚህ ተማሪዋ በፈርኖች ብትወሰን ጽሑፏ የበለጠ እውነተኛ ይሆናል።

ለማሳያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ተማሪዎቹን ወደ ወፍ ዋሻ ደን ይውሰዷቸው። ከዝግባውና ከኮሶው ቅርንጫፍ የተንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት ሲያዩ ብዙዎቹ «ዛፉን እየበላው ነው» ይላሉ። አይበላውም፤ ሽበት ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ሕይወት ነው፤ እርጥበቱንም የሚያገኘው ከአየሩ ነው። በእጃቸው ይንኩት፤ ቅርፊቱ ላይ ብቻ እንደተያዘ፣ ወደ እንጨቱም እንዳልዘለቀ ያያሉ።

በአገባብም ልዩነት አለ። «ጥገኛ» ባለቤት ይፈልጋል፤ «የዛፉ ጥገኛ» እንላለን። «ተቀጽላ» ሲሆን «በዛፉ ላይ» ማለት ይሻላል። የተማሪዋ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢታረም ጥሩ ነው፦ «በሃዋይ የዝናብ ደን ፈርኖች በኦሂያ ዛፍ ላይ በተቀጽላነት ይበቅላሉ፤ ሁሉሞአ ግን የዛፉ ጥገኛ ነው።»