መጀመሪያ ፊልትሮውን መልስ

ጥያቄው ከአንድ የባሕር ዳር ልጅ ነው፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። ዝቅ ያለ፣ ጭራው አጭር፣ ወንበሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሞተር ላደርገው ብዬ ራሴ ጀመርኩት። የአየር ፊልትሮውን ከነሳጥኑ አወጣሁ፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን ቆርጬ አሳጠርኩት። አሁን የነዳጁን እጀታ ስለቅ ይተኩሳል። የቤዛዊትን ዳገት እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ብሬ ደግሞ አልቋል ማለት ይቻላል። ሻንሲውን ልቁረጥ ወይስ መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ጄት ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። የብረት መቁረጫ ሰጌቶውን አስቀምጥና ፊልትሮውን ወደ ቦታው መልስ።

ፊልትሮ ማውጣት ጉልበት ይጨምራል የሚለውን ወሬ ማን እንዳመጣው አላውቅም። እኔም በጎረምሳነቴ ሞክሬዋለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚን የሚያገኘው በውስጡ የሚያልፈው አየር ሲመጠው ነው። ሳጥኑና ፊልትሮው አየሩን ትንሽ ይዘው ያስተላልፉታል። ፋብሪካው የቤንዚኑን ቀዳዳ፣ ማለትም ጄቱን፣ የለካውም ይህንኑ አስቦ ነው። ሳጥኑን ስታነሳ አየሩ እንደልቡ ይገባል፤ መምጠጡ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ያንሳል። ሞተሩ ይራባል፣ ከልክ በላይ ይግላል፣ ነዳጅ ስትለቅ ይተኩሳል።

«ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ መጨመር አለበት» የሚሉኝ ልጆች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ግን ፊልትሮ ስላነሳህለት አይወፍርም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው አቧራው ነው። አንድ ደንበኛዬ ያለ ፊልትሮ ኮሮኮንች ላይ ሲነዳ ከርሞ ሰማያዊ ጭስ እያጨሰ መጣ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ ጣቴን አስገብቼ ባዞረው፣ ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ድልህ ተለጥፎ ወጣ። ሲሊንደሩን ስከፍተው ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። ፒስተኑም ቀለበቶቹም ቀሩ። ለወንበርና ለቀለም ያጠራቀመው ብር እዚያው አለቀ።

ሳጥኑን ጥለኸው ከሆነ ያገለገለ ፈልግ፤ የቦክሰር ዕቃ አይቸግርም። ማርሚታው ማጠሩ ሞተሩን ላይገድለው ይችላል፤ ጎረቤትን ግን ይገድላል። ዋናው ነገር ቱቦው ከሞተሩ ራስ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። ስትፈታው በመሀል ገብቶ የሚደፍነውን ጋርኒሽን ሳትቀይር መልሰህ ከሆነ፣ ነዳጅ ስትለቅ በዚያ ቀዳዳ አየር እየገባ ያስተኩሰዋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳና እጅህን ጠጋ አድርግ። እፍ እፍ የሚል ነገር ከተሰማህ ወይም መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካየህ፣ ሌባው እሱ ነው።

ከዚያ ዳገቱን አንዴ ሞክረውና ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትተህ እይ፤ መጀመሪያ ግን ይቀዝቅዝ። ጫፉ የቀላል ቡና መልክ ካለው ጨርሰሃል። ከነጣ አሁንም ቤንዚን ያንሰዋል፤ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል። ጄት የምትገዛው ይህን ካየህ በኋላ ነው፤ ምናልባትም አያስፈልግህም።

አሁን ወደ ውበቱ። ብር የሌለው ሰው ሞተር የሚያሳምረው በመግዛት ሳይሆን በማንሳት ነው። የጎን ላስቲኮች፣ ዕቃ መጫኛው፣ ስቲከሩ፣ ያ ሰፊ የኋላ ፓራፋንጎ፣ እነዚህን ብቻ አውርደህ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለህ እየው። ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሻንሲውን መቁረጥ ካልቀረልህ የምትነካው ከኋላ ሾክ አብሶርበሩ መያዣ ጀርባ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወደፊት ያለው ክብደት ተሸካሚ ስለሆነ እጅህን አታድርስበት። ሳትቆርጥ በፊት ሁለት ወፈር ያሉ ጓደኞችህን አስቀምጥበትና ጎማው እስከምን ድረስ እንደሚወጣ ለካ። ጎማው ወንበሩን ከነካ ጉድጓድ ላይ ይይዝብሃል። ሰው የምታፈናጥጥ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትቁረጥ። ለሐምሌ ጭቃም ትንሽ ፓራፋንጎ አስቀር፤ አለበለዚያ ሸሚዝህ ጀርባ ላይ መስመር ይሰመራል።

ብየዳ ቤት ስትሄድ ባትሪውን ንቀል፣ ሲዲአዩን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረውን ትንሽ ሳጥን) ከሶኬቱ አውጣ፣ ታንከሩን ቤት ትተህ ሂድ። ባዶ ታንከር ባዶ አይደለም፤ ውስጡ ያለው የቤንዚን ተን ብልጭታ ብቻ ነው የሚጠብቀው። የሚያፈስ ታንከር እንኳ ቢሆን ራስህ አታስበይድ።

ወንበሩን አዲስ አታሠራ። የራሱን ስፖንጅ በሰጌቶ ምላጭ ጠፍጣፋ አድርገህ ቁረጠው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውና የባጃጅ ወንበር ለሚያለብሱት ስጣቸው። የፍራሽ ስፖንጅ ካመጡልህ እምቢ በል። በሳምንቱ ተኝቶ ላሜራው ላይ ትቀመጣለህ።

መሪውን ዝቅ ካደረግህ ሞተሩን አስነስተህ ሳትነዳ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙረው። ድምፁ ከጨመረ የነዳጁ ገመድ ተወጥሯል ማለት ነው። እንደዚያ ይዘኸው አትውጣ።

ቀለም ላይ ትዕግሥት እንጂ ብር ብዙ አይጠይቅም። በ240 ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ አሮጌውን አልፋው፤ የጎደጎደውን በስቱኮ ሙላ፤ አንቲረስት ቀብተህ በ400፣ ቀጥሎም በ800 በውኃ አሸው። ከዚያ ቀለሙን በስሱ ሦስት ጊዜ ንፋው። አንዴ አወፍረህ ከነፋኸው እንደ ሻማ ይወርዳል። ክረምት ላይ አትቀባ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በበጋም ቢሆን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ረፋድ ላይ ጨርስ። ከሰዓት ከሐይቁ ንፋስ ተነስቶ አቧራ ያመጣብሃል። ማታ አምፖል አብርተህ ለመቀባትማ አታስበው። የጣና ትንኝ እርጥብ ቀለም ላይ ሲለጠፍ አንዴ ያየ ሰው አይደግመውም፤ እኔ ግን ሁለቴ አይቻለሁ።

የተረፈችህን ብር ለኋላ ፍሬን ሸራና ለካቴና አውላት። ካቴናውን መሀሉ ላይ በጣትህ ወደ ላይ ስትገፋው ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ይበቃል።

ቀለም ቤት ከመሄድህ በፊት ሊብሬህን ገልጠህ እይ። እዚያ ላይ ቀይ ተብሎ ከተጻፈ ቀይ ቀባው፤ ሌላ ካማረህ መንገድ ላይ ሳትያዝ ቀድመህ አስለውጥ። የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ፕላስተር ለጥፍበት፤ ስቱኮ የገባበትን ቁጥር ለማስነበብ ምን ያህል እንደምትመላለስ እኔ ነኝ የማውቀው።