አሊና ታይሰን ቢገናኙ ማን ያሸንፋል? የቦክስ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው። መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን በደህናው ጊዜያቸው ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ "የትኛው አሊ?" ተባባሉ። ክርክሩ የማያልቀው አንዳችሁ የ1966ቱን፣ ሌላችሁ የ1974ቱን አሊ ይዛችሁ ስለምትከራከሩ ነው። በ1966 መጨረሻ ሂውስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በ3ኛው ዙር የረታው አሊ በእግሩ የሚከላከል ሰው ነበር፤ ተጋጣሚው ርቀቱን ለክቶ ሳይጨርስ እሱ ቦታ ይቀይራል። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር የዘረረው አሊ ግን እግሩ ከብዶት ነበርና ገመድ ተደግፎ፣ ቡጢውን በክንዱ እየተቀበለ ሰውየውን አድክሞ ነው ያሸነፈው። ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ማየት አይቻልም።

ታይሰንም ቢሆን ከ1986 እስከ 1988 ያለውን ያዙ። ቁመቱ 1.78 ሜትር ነው፤ ከአሊ በ13 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፣ ክንዱ ተዘርግቶ ሲለካም በ18 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። አሠልጣኙ ከስ ዳማቶ ያስተማረው ዘዴ የተሠራው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነው። ሁለቱ ጓንቶች ጉንጭ ላይ ይቀመጣሉ፣ ክርኖቹ ጎድን ይሸፍናሉ፣ ጭንቅላት ከእያንዳንዱ ቡጢ በፊትም በኋላም ቦታ ይለውጣል። ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚወረወር ቀጥታ ቡጢ) ሲመጣበት በጎኑ ያሳልፈውና በዚያው እርምጃ ይገባል። ከዚያ ቀኝ ሁክ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ቡጢ) ጎድን ላይ ያሳርፋል፤ ተመቺው ጎኑን ሊሸፍን ክርኑን ሲያወርድ አገጩ ይገለጣል፣ ያው ቀኝ እጅ አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚመታ ቡጢ) ሆኖ ይመለሳል። ቪዲዮውን አዘግይታችሁ እዩት፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቡጢ እግሩ አይነቃነቅም።

የአሊ ትልቁ ክፍተት ቡጢ ሲመጣበት ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳቡ ነው። ለቀጥታ ቡጢ ይህ ይሠራል። ሁክ ግን ዞሮ የሚመጣ ስለሆነ ወደ ኋላ ያዘነበለውን ሰው ይደርስበታል። ሄንሪ ኩፐር በ1963፣ ጆ ፍሬዘርም በ1971 15ኛው ዙር ላይ አሊን መሬት ያስያዙት በግራ ሁክ ነው። ታይሰን ደግሞ ከፍሬዘር የፈጠነ ግራ ሁክ አለው፤ ቀኙም ያንኑ ያህል ይገድላል፣ የፍሬዘር ቀኝ ግን እዚያ አይደርስም ነበር።

በሌላ በኩል የታይሰን መድኃኒት ይታወቃል። በ1990 ቶኪዮ ላይ ቡስተር ዳግላስ ጃቡን አንድ ብቻ አልወረወረም፤ ደጋግሞ ወርውሮ ቀኙን አስከተለ፣ ታይሰን ሲጠጋው ወይ ወደ ጎን ወጣ ወይ አቀፈው። በ10ኛው ዙር ዘረረው። እርግጥ የዚያን ቀኑ ታይሰን ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስ ትቶ ነበር፤ ዘዴውን የሚያስጠብቀው አሠልጣኙ ኬቪን ሩኒ በ1988 ተሰናብቷል። ግን ታይሰን በደህናው ጊዜው በ1987 ጀምስ ስሚዝ ሲያቅፈው 12 ዙር ሙሉ መላ አላገኘለትም፤ ያሸነፈው በነጥብ ነው። አሊ ደግሞ አንገት ይዞ ወደ ታች በመጫን የተካነ ነበር።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ የ1966ቱ አሊ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ካለፈ በነጥብ ወይም ከ10ኛው ዙር በኋላ ያሸንፋል። ገመድ የሚደገፈው የ1974ቱ አሊ ግን የ1988ቱን ታይሰን አይችለውም። ፎርማን ሰፋፊ ቡጢ ይወረውር ስለነበር በክንድ መመከት ይቻል ነበር፤ የታይሰን አጫጭር ቡጢ በክንዶቹ መሃል ይገባል። ስንት ዙር እንደሆነም ተስማሙ። የአሊ ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር፤ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በ1982 ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ነው ወደ 12 መውረድ የጀመረው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዙሮች የአሊ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጆ ሉዊስ ከጣሊያን ወረራ በፊት ግዙፉን ጣሊያናዊ ካርኔራን እንዳሸነፈ አባቴ ይነግረኝ ነበር። ግን 90 ኪሎ የማይሞላ ሰው የዛሬዎቹን ግዙፎች ይችላል? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ አባትዎ ትክክል ናቸው። ጁን 25 ቀን 1935 ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም ነው። ሙሶሊኒ ለወረራው ጦሩን እያዘጋጀ ስለነበር የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ፍልሚያ አድርገው ነበር የጠበቁት። ካርኔራ 118 ኪሎ፣ ሉዊስ 89 ኪሎ ነበሩ። በ6ኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ዳኛው አርተር ዶኖቫን አስቆመው።

ሉዊስ አይዘልም፣ አይሮጥም። እግሩን ከመሬት ሳይለቅ በትንንሽ እርምጃ እየተሳበ ይጠጋል፤ በዚህ የተነሳ በየትኛውም ቅጽበት ሙሉ ኃይሉን ለመምታት የተዘጋጀ ነው። ቡጢው አጭር መንገድ ነው የሚጓዘው፤ እጁን ወደ ኋላ ስቦ ስለማያነሳ ተጋጣሚው ምልክት አያይበትም። አንዱ ካገኘ ሦስት አራት ይከተላሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ግዙፍ ምቹ ዒላማ ነው።

እሱን ያስቸገሩት ግዙፎች ሳይሆኑ እግረ ቀላሎች ናቸው። 80 ኪሎ እንኳ ያልሞላው ቢሊ ኮን በ1941 እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ መርቶት፣ በ13ኛው ልጨርሰው ብሎ ቆሞ ሲማታ ነው የተዘረረው። ሌላው ችግር ከጃብ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ መመለሱ ነበር። ማክስ ሽሜሊንግ ይህን አይቶ በ1936 በዚያች ክፍተት ቀኙን እየደጋገመ በ12ኛው ዙር ዘረረው። በ1938 ሲገናኙ ሉዊስ በ124 ሰከንድ ጨረሰው።

ዛሬ ቢመጣ የሚያሰጋው ክብደት የሚሠራው ማቀፍ ላይ ነው። 115 ኪሎ ሰው በየዙሩ አንገትዎ ላይ ሲደገፍ ከ6ኛው ዙር በኋላ እግር ይከዳል። ያም ሆኖ ዩክሬናዊው ዩሲክ በ2024 ሪያድ ላይ ከ15 ኪሎ በላይ የሚበልጠውን እንግሊዛዊውን ፉሪን አሸንፏል። በእኛ ግምት ለሉዊስ ከፉሪ ይልቅ ዩሲክ ይከብደዋል፤ የሚንቀሳቀስ፣ የሚያታልል፣ በዚያ ላይ ግራኝ ነውና።

ጥያቄ፦ ሜይዌዘር 50 ለ 0 ነው፤ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን 19 ጊዜ ተሸንፏል። ታዲያ ለምን ሮቢንሰን ይበልጣል ይባላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሽንፈቶቹ መቼ እንደመጡ ይዩ። እስከ 1951 አጋማሽ ከ120 በላይ ሲያሸንፍ የተሸነፈው አንዴ፣ በቦክሰኛው ጄክ ላሞታ ብቻ ነው። ከ19ኙ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የመጡ ናቸው። በፌብሩዋሪ 1943 በ5ኛው ቀን በላሞታ ተሸነፈ፣ በ19ኛው ጃኪ ዊልሰንን አሸነፈ፣ በ26ኛው ላሞታን ራሱን መልሶ አሸነፈ። ዛሬ ሻምፒዮን በዓመት ሁለቴ ቢጫወት ብዙ ነው። ሮቢንሰን በሙያው ዘመን ሁሉ ሳይጨርስ የቀረው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1952 ከጆይ ማክሲም ጋር በነጥብ እየመራ፣ ሙቀቱ ጥሎት ለ14ኛው ዙር መነሳት አቃተው።

ለመከላከል ከሆነ ሜይዌዘርን እንመርጣለን። ወደ ኋላ እየሄደ ተጋጣሚውን መዘረር የሚችል፣ በሁለቱም እጅ የሚጨርስ ሰው ከተፈለገ ሮቢንሰን ነው።

ጥያቄ፦ የሜይዌዘርን የትከሻ መከላከያ ጂም ውስጥ ስሞክር ቀኝ ቡጢ ሁሉ ጆሮ ግንዴ ላይ ያርፋል። ምኑን ነው የተሳሳትኩት? (ከጎንደር)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ትከሻን ብቻ ማንሳት ነው። ትከሻው የሚከላከለው ወገብ ሲዞር ነው። በጎን ይቁሙ፤ ክብደትዎ ወደ ኋላኛው እግር ያዘንብል፣ ግራ ክንድ ሆድ ላይ ይተኛ፣ አገጭ ከግራ ትከሻ ኋላ ይደበቅ፣ ቀኝ ጓንት አገጭ አጠገብ መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ ጃቡን ይቀበል። የተጋጣሚው ቀኝ ሲመጣ ወገብዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ቡጢው ትከሻውን ታኮ ያልፋል። ወገቡ ሲመለስ የእርስዎ ቀኝ አብሮት ይውጣ፤ መልስ ካልሰጡ ሁለተኛው ቡጢ ይደርስብዎታል።

ልምምዱን በሦስት ዙር ይክፈሉት። በመጀመሪያው ጓደኛዎ በግማሽ ፍጥነት ቀኝ ብቻ ይወርውር፣ በሁለተኛው ጃብና ቀኝ፣ በሦስተኛው ግራ ሁክ ይጨምር። ሁኩ ላይ ቀኝ ጓንት ከጉንጭ ከተለየ ተመቱ። ገመድ ላይ ሲሆኑም ይጠንቀቁ፤ ማይዳና በ2014 ሜይዌዘርን ያስቸገረው እዚያ አጣብቆ ቀኙን ከትከሻው በላይ እያወረደ ነው። ተጋጣሚዎ ግራኝ ከሆነ ደግሞ ይህን አቋም ይተዉት፤ የግራኝ ኃይለኛው ቡጢ የሚመጣው ትከሻው በማይሸፍነው በኩል ነው። ሁለቱንም እጅ ከፍ አድርገው፣ የፊት እግርዎን ከእሱ የፊት እግር ውጭ እያስቀመጡ በቀጥታ ቀኝ ይጀምሩ።