ወሎን በስልክ ካሜራ፣ ከእናትና ከልጆች ጋር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመስከረም እናትሽንና ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ ልትመጪ ነው። ያለሽ ስልክ ብቻ ነው። «ካሜራ ልግዛ ወይ? የትስ ሄደን ምን ላንሳ?» ብለሻል። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ፎቶ ሥራዬ አይደለም፤ ግን ቤተሰቡ በዞረበት ሁሉ የማነሳው እኔ ነኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ካሜራ አትግዢ። አብሽሪ፣ ስልክሽ ይበቃል። ለካሜራ ያሰብሽውን ብር አንድ ሁለት አዳር ጨምሪበት። አዳር ካለሽ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ላይ ትገኛለሽ። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ካልደረስን የሚል ቤተሰብ ግን ሁሉንም የሚያየው በቀትር ነው። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ፎቶ ትገድላለች።

ይሄን የተማርኩት ሐይቅ ላይ ነው። አባቴንና ልጄን ይዤ ከደሴ ወረድን። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ «ቅርብ ነው» ብለን አርፍደን ወጣን። ስንደርስ 6 ሰዓት አልፏል። አባቴን በነጭ ጋቢው ውሃው ዳር አቆምኩትና ደጋግሜ አነሳሁ። ማታ ቤት ገብቼ ሳየው ጋቢው ቦግ ብሏል፣ ውሃው ያብለጨልጫል፣ የአባቴ ፊት ግን ጠቁሮ ዓይኑ እንኳን አይለይም። በጣም አዘንኩ። ስልኩ ነጭ ልብስና የሚያበራ ውሃ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል። እንደኛ ጠይም ፊት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። መላው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነካ አድርጊ። ትንሽ የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ላይ ሳብ አድርጊያት። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፣ ፊቱ ይውጣ። ከዚያም በላይ የሚሻለው ግን ዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው።

የዚያን ቀን አንድ ጥሩ ፎቶ ወጥቶልኛል። ዓሣ ልንበላ ከጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። የተጠበሰ ቆሮሶ መጣ። አባቴ ለልጄ አጥንቱን ይለቅምላታል። እጁ ዘይት በዘይት ሆኗል፣ ዓይኑን አጥብቦ አንዲት ቀጭን አጥንት በሁለት ጣቱ ይዞ እያየ ነው። እሷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሁለቱም እኔን ረስተውኛል። ተነስቼ ሳይሆን እዚያው እንደተቀመጥኩ፣ በአንድ ክንድ ርቀት አነሳሁት። ዛሬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው እሱ ነው። ተሰልፈን የተነሳናቸውን ማንም ከፍቶ አያያቸውም።

ስለዚህ «ቁሙ፣ እዩኝ» ማለቱን ለአንድ ፎቶ ብቻ አድርጊው። እሱም ያስፈልጋል፣ ለዘመድ የሚላከው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚሠሩት ነገር ስጫቸው። እናትሽ ቡና ሲጠጡ፣ ልጁ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ትልቋ ለትንሹ ነጠላ ስታስተካክል ጠብቂ። ልጅ ስታነሺ ቁጭ በይ፤ ስልኩ በልጁ ዓይን ልክ ይሁን። ሰፊውን ሌንስ፣ 0.5 የሚለውን ማለቴ ነው፣ ለተራራ ተጠቀሚበት እንጂ ሰው ዳር ላይ አታስገቢበት። የዳር ሰው ፊቱ ይለጠጣል፤ ዳር የሚቆሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባበት አስቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው። ደርሰው ቢሰሙት ያዝናሉ። የወንዶቹ ገዳም ነው፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት። አብሯችሁ ወንድ ካለ እሱ ልጁን ይዞ ይግባ። አንቺና እናትሽ ዳር ላይ ስትጠብቁ ያለው ሰዓት ወርቅ ነው፤ የእናትሽን ፎቶ ያኔ አንሺ። ጠዋት ከሆነ የውሃው ሞገድ ገና አልተነሳም፣ ብርሃኑም ከጎን ስለሚመጣ ፊታቸውን በደንብ ያወጣዋል።

ላሊበላን ቢያንስ ሁለት ቀን ስጪው። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፤ ግን እናትሽም ይደክማሉ፣ ልጆቹም ያኮርፋሉ። ቤተ መድኃኔዓለምና ቤተ ማርያም ከላይ የመጠለያ ጣሪያ ተሠርቶላቸዋል። ብዙ ሰው «ፎቶ አበላሸብን» ብሎ ይማረራል። የሕንፃውን ሙሉ መልክ መያዙ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከጣሪያው ሥር ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ለፊት ፎቶ በቀትር እንኳን ይመቻል። ስለዚህ ቀኑ ሲከር ወደዚያ ሂዱ፤ ቤተ ጊዮርጊስን ለጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት። እሱ የመጠለያ ጣሪያ የለውም። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ጣሪያው ላይ የተቀረጸው መስቀል አንዱ በሌላው ውስጥ ተደራርቦ ይታያል። ጠርዙ ላይ አጥር የለም፤ ልጆቹን አንድ ሰው እጃቸውን ይያዝ። ፎቶ የምታነሺው አንቺ ከሆንሽ ልጅ የምትይዢው አንቺ አትሁኚ፣ ይሄን አደራ እልሻለሁ። ታች ስትወርዱ ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ነው። እናትሽ ግድግዳውን ተደግፈው ሲጸልዩ ካየሻቸው ከጎን፣ ድምፅ ሳታሰሚ አንሺ። ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ግን አባቶችን ጠይቂ፣ ፍላሹንም አጥፊ። ፍላሽ የሚጸልየውን ሰው ይረብሻል።

ባቲን የምታስቢ ከሆነ ገበያው ሰኞ ነው። እሑድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩና ጠዋት ውረዱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ ልጆችሽ በግመሉ ብቻ ይደሰታሉ። እዚያ ሰው ሳታስፈቅጂ እንዳታነሺ። እኔ መጀመሪያ ዕቃ እገዛለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ ትንሽ እንጫወታለን፣ ከዚያ «ፎቶ ላንሳዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ አመስግኜ አልፋለሁ። እሺ ካሉም አንስቼ አሳያቸዋለሁ። ልጆችሽ ይሄን ሲያዩ እነሱም ይለምዱታል። የኔዋ አሁን እኔን ቀድማ ትጠይቃለች።

ደሴ ላይ ማታ ቶሎ ይመሻል። የጦሳ ተራራ ከተማውን ከምዕራብ ስለሚጋርደው ፀሐይዋ ሳታስቢው ከጀርባው ትገባለች። ስለዚህ የማታ ብርሃን ብለሽ 12 ሰዓት አትጠብቂ። ጠዋት ጉም ካለ ደግሞ አትከፊ። ጉም ውስጥ የቆመ ሰው፣ ቀይ ወይም ቢጫ ልብስ ከለበሰ፣ እንዴት እንደሚያምር ታያለሽ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ መኪናውን ሰፋ ባለ ቦታ አስቁሙና ውረዱ። በመስታወት አታንሺ። በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ዳር አደይ አበባ አለ፤ ልጆቹን እዚያ ልቀቂያቸው።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ናት። ተሳላሚው ብዙ ስለሆነ ቀናችሁ በዚያ ሰሞን ከዋለ አልጋ ቀድመሽ ያዢ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቂ።

ትናንሽ ነገሮች፦ የመንገድ አቧራ ሌንሱን ይሸፍነዋል፤ በየቦታው በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ማታ ማታ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ስልክ አስተላልፊ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው፣ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። እንደተመለስሽም 20 ያህሉን መርጠሽ አሳጥቢ። እናትሽ ስልክ ከፍተው አያዩም፤ አልበም ግን ጎረቤት በመጣ ቁጥር ያወጡታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንሺው ሁሌም ከፎቶው ይጎድላል። ለትልቋ ልጅሽ ስልኩን በቀን አንድ ሰዓት ስጫት። አንግል አትንገሪያት። አንቺንና እናትሽን ታንሳችሁ።

የእናትሽ ጉልበት እንዴት ነው? ላሊበላ ደረጃውና መተላለፊያው ጠባብና ወጣ ገባ ነው። ሁኔታቸውን ብትጽፊልኝ በየትኛው በኩል ገብታችሁ የት ላይ እንደምታርፉ በዝርዝር እነግርሻለሁ።